ከንቲባውን ማን ያወርደዋል?

(ከዚህ በታች የምናትመው የነቀምቴ ተወላጅ የሆኑ አንድ ጡረተኛ መምህር አዲስ አበባ ውስጥ ለተሰበሰቡ የወለጋ ተወላጆች ያደረጉት ንግግር ነው። ተናጋሪው ስማቸው እንዳይጠቀስ ጠይቀዋል። ርዕሱና ንዑስ ርዕሶቹ የዝግጅት ክፍሉ ናቸው።)



"ስለ ከንቲባ እጩዎች አንድ ነገር በለን" ብላችሁኛል። እኔም እሺ ብያለሁ። ግን "እጩ" የሚለውን ቃል እንደያዝን ወደፊት ከመሄዳችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ። ማን ነው ያጨው?

በአገራችን ማጨት የሽማግሌ ሥራ ነው። ሽማግሌ ይላካል፣ ደጅ ይጠናል፣ የልጅቷ አባት ይጠየቃል፣ እናትየዋም በጓዳ በኩል ሐሳቧን ትሰጣለች፣ ዘር ይቆጠራል፣ ጠባይ ይጠናል። የነቀምቴ ከንቲባ ሲታጭ ግን ሽማግሌው የሚላከው ወደ ነቀምቴ አይደለም። ነገሩ ሁሉ ሌላ ቦታ ያልቅና ከተማይቱ የምትጠራው ለሠርጉ ዕለት ብቻ ነው። እሱም አጨብጭቢ ለመባል። (ሳቅ)

እስቲ በዚህ አዳራሽ ውስጥ "ለነቀምቴ ከንቲባ በገዛ እጄ ድምፅ ሰጥቻለሁ" የሚል ሰው እጁን ያውጣ። ስለ ቀበሌ አላልኩም። ስለ ፓርላማም አላልኩም። ስለ ከንቲባ ነው የጠየቅኩት። ጊምቢስ? ደምቢዶሎስ? አንድም እጅ አላየሁም። እኔም አልሰጠሁም፤ አባቴም አልሰጠም።

ሕጉም ቢሆን ከንቲባን ነዋሪው በቀጥታ ይምረጠው አይልም። የኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 65/1995 የከተሞችን አስተዳደር ሲያቋቁም ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ እንዲኖር ደንግጓል። በወረቀት ላይ ሲታይ አይከፋም። በተግባር ግን ማን ከንቲባ እንደሚሆን የሚወሰነው በገዢው ፓርቲ ቤት ነው፤ ምክር ቤቱ እጅ ያወጣል፣ ነዋሪው በሬዲዮ ይሰማል።

የሚወርደውም በዚያው መንገድ ነው። ግምገማ ይቀመጣል። ማክሰኞ ከንቲባ የነበረው ሰው ረቡዕ "ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል" ይባላል። ለምን ወረደ? ምን አጠፋ? አጥፍቶ ከሆነስ ለምን ሌላ ቦታ ተሾመ? ካላጠፋስ ለምን ተነሣ? ለነዋሪው መልስ የሚሰጠው የለም።

እንግዲህ ንግግሬ ሲጠቀለል ይኸው ነው። ሹም የሚፈራው የሚያወርደውን ነው። ጠዋት ከአልጋው ሲነሣ የሚያስበው ስለ እሱ ነው፤ ሪፖርት የሚጽፈው ለእሱ ነው፤ የሚዋሸውም ለእሱ ነው። ስለዚህ የከንቲባ እጩ ሲመጣ "ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ምን ተማረ?" ከማለታችን በፊት "ማን ያወርደዋል?" ብለን እንጠይቅ። የቀረው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ከኦዳ ቡሉቅ እስከ ቀበሌ

ይህን ስል "የፈረንጅ ዴሞክራሲ አመጣብን" የሚል አይጠፋም። ፈረንጅ ምን አገባው! ከሜጫ ኦሮሞ የገዳ መሰብሰቢያዎች አንዱ የሆነው ኦዳ ቡሉቅ የሚገኘው እዚያው ሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ውስጥ ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ይተላለፋል። ከዚያ የሚበልጠው ግን ሌላው ነገር ነው። አባ ገዳው ካጠፋ ዘመኑ እስኪያልቅ አይጠበቅም፤ ይነቀላል። ቃሉም "ቡቂሱ" ነው። መንቀል ማለት ነው። ዩኔስኮ ገዳን በ2009 ዓ.ም. የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ሲመዘግበው ሁላችንም ደስ አለን። በየከተማው አዳራሽ የኦዳ ሥዕል ሰቀልን። መንቀሉን ግን ሥዕሉ ላይ አላየነውም።

ከገዳው ቀጥሎ የነገሥታቱ ዘመን መጣ። የበከሬ፣ የሞሮዳና የኩምሳ ቤት ነቀምቴን መናገሻ አደረጋት። ሞሮዳ በ1870ዎቹ በራስ ጎበና በኩል ለምኒልክ ገበረ፤ ልጁ ኩምሳም ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተብሎ ገዛ። ቤተ መንግሥታቸው ሙዚየም ሆኗል፤ ልጆቻችሁን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። በዚያ ግቢ ውስጥ ሹም ከጌታው እጅ ይሾማል፣ በጌታው እጅ ይሻራል። ጌታው ግን ቢያንስ እዚያው ነበር። የተበደለ ሰው በሩ ላይ ቆሞ "አቤት!" ይላል።

በጃንሆይ ጊዜ ማዘጋጃ ቤት መጣ፤ ሹሙም ከላይ ተሾመ። በደርግ ጊዜ በሐምሌ 1967 በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቀበሌም ተፈጠረ። ቀበሌው በስሙ የነዋሪዎች ማኅበር ነበር። የሆነውን ግን የዚያ ዘመን ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ እኔ አልነግራችሁም።

ከዚያ 1983 መጣና "ሥልጣን ለሕዝብ!" ተባለ። የመጀመሪያው የክልልና የወረዳ ምርጫ የተደረገው ሰኔ 14 ቀን 1984 ነው። ወለጋ ውስጥ ጠንካራ መሠረት የነበረው ኦነግ ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ከምርጫው ወጣ፤ ወዲያውም ከሽግግር መንግሥቱ ወጣና ወደ ጦርነት ተገባ። መአሕድም ከምርጫው ወጥቶ ነበር። ምርጫው ያለ ተወዳዳሪ ተካሄደ። ቀኗን ያዙልኝ፤ ሰኔ 14።

የሦስት መቶው ሒሳብ

የወለጋ ሰው መምረጥ አያውቅም እንዳይባል የ1997ቱን ምርጫ አስታውሱ። ርዕሰ ብሔር የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ በግል ተወዳድረው ከደምቢዶሎ ፓርላማ ገቡ። ፖለቲካ ውስጥ በመግባታቸው ለቀድሞ ርዕሰ ብሔር የሚሰጠው ጥቅማ ጥቅም ቀርቶባቸዋል። ሕዝቡ ግን የፓርቲ ምልክት አልፈለገም፤ ሰውየውን መረጠ። የአቶ ቡልቻ ደመቅሳ ኦፌዴንም 11 የፓርላማ ወንበር አገኘ፤ ዋናው መሠረቱ ወለጋ ነበር።

ቀጥሎ የአካባቢ ምርጫ ነበር። እሱም ተላለፈና በሚያዝያ 2000 ተደረገ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ብልሃት ተፈጠረ። 15 ሰው የነበረው የቀበሌ ምክር ቤት ወደ 300 ሰው ከፍ ተደረገ። "ተሳትፎ ለማስፋት ነው" ተባለ። የሒሳብ አስተማሪ ስለነበርኩ ሒሳቡን ልሥራላችሁ። አምስት ቀበሌ ያላት ትንሽ ከተማ ብትኖር፣ አንድ ተቃዋሚ ፓርቲ ለቀበሌ ብቻ 1500 እጩ ማቅረብ አለበት። 1500 ሰው! ሥራውን፣ ቤቱን፣ የልጆቹን እንጀራ ለአደጋ አጋልጦ "እኔ ተቃዋሚ ነኝ" ብሎ ስሙን የሚያስመዘግብ 1500 ሰው በትንሽ ከተማ ከየት ይመጣል? ለገዢው ፓርቲ ግን ችግር የለም። አስተማሪው አለ፣ የመንግሥት ሠራተኛው አለ፣ በጎጥና በጋሬ የተደራጀው ገበሬ አለ።

በመላ አገሪቱ ለ3.6 ሚሊዮን ያህል ወንበር ተወዳደሩ ተባለ። ኅብረትና ኦፌዴን "እጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ፣ ታሰሩ፣ ተዋከቡ" ብለው ጮኹ። ሂውማን ራይትስ ዎችም ኦሮሚያ ውስጥ ያጣራውን አውጥቶ ተመሳሳይ ነገር ተናገረ። ኅብረት ድምፅ ሊሰጥ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ወጣ። ኢሕአዴግ በጣት ከሚቆጠሩት በቀር ሁሉንም ወሰደ። በሚያዝያ 2005ም 33 ፓርቲዎች "አንገባም" አሉና ያው ተደገመ።

በ2010 መደረግ የነበረበት ደግሞ ተራዘመ። በ2013 አገር አቀፉ ምርጫ ሲደረግ ከከተሞች ምክር ቤት የተመረጠላቸው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ብቻ ናቸው። ኦፌኮና ኦነግ በዚያ ምርጫ አልነበሩም፤ መሪዎቻቸው ታስረው፣ ቢሮዎቻቸው ተዘግተው ነበር። ብልጽግና ወለጋን ጨምሮ በብዙ የኦሮሚያ ወረዳዎች ብቻውን ሮጦ አንደኛ ወጣ። ድምፅ የተሰጠበት ቀን መቼ እንደነበር ታስታውሳላችሁ? ሰኔ 14! (ሳቅ) ከ29 ዓመት በኋላ በዚያችው ቀን ያንኑ ትምህርት ደገምን።

የእጩ ዓይነቶች

አሁን ወደ እጩዎቹ እንምጣ። ስም አልጠራም። ግን በየትኛውም የወለጋ ከተማ ብትሄዱ እነዚህን ሰዎች ታገኟቸዋላችሁ።

አንደኛው ከላይ የተላከው ነው። ከሌላ ዞን መጥቶ ሻንጣውን ሳይፈታ ከንቲባ ይሆናል። የገበያውን ቀን አያውቅም፣ ክረምት የትኛው ሰፈር ጭቃ እንደሚውጠው አያውቅም። ቢሠራም ባይሠራም ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይነሣል። ሻንጣውን ባይፈታም አይፈረድበትም።

ሁለተኛው የወንዝ ልጅ ነው። "የኛ ልጅ ነው" ይባላል። ጎሣው ይቆጠርለታል፣ ቤተ ክርስቲያኑ ይጠየቅለታል፣ መካነ ኢየሱስ ነው ወይስ ኦርቶዶክስ ይባላል። የወንዝ ልጅ መሆን ክፉ ነገር አይደለም። ግን የወንዛችን ልጅም ቢሆን የሚያወርደው ሌላ ቦታ ከተቀመጠ የሚያየው ወደዚያ ነው። እንዲያውም ይብሳል፤ የኛ ልጅ ስለሆነ ለመክሰስ ይሉኝታ ይይዘናል።

ሦስተኛው ነጋዴው ነው። ራሱ አይወዳደርም፤ እጩ ያስወዳድራል። ስለ እሱ መሬት ላይ ስንደርስ እንነጋገራለን።

አራተኛው መምህሩ ነው፤ የኔ ቢጤ። ንግግር ያምርለታል። በስብሰባ ላይ ተነሥቶ "ግልጽነትና ተጠያቂነት" ሲል አዳራሹ ያጨበጭባል። አንድ ግምገማ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ግን ድምፁ ይጠፋል። ክፉ ሆኖ አይደለም። ደመወዙም፣ ቤቱም፣ የልጁ ሥራም በአንድ እጅ ውስጥ ስለሆነ ነው።

አምስተኛዋ የማትታጨው ናት። ገበያውን የምታንቀሳቅሰው፣ እድሩን የምትመራው፣ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን ተሸክማ የምትዞረው ሴት። ስለ ከተማው ችግር ከሁሉም የበለጠ የምታውቀው እሷ ናት። የምትፈለገው ግን "ሴቶችም አሉበት" ለማለት ስትሆን ብቻ ነው።

ወንበሩ ለምን ይጣፍጣል?

የትንሽ ከተማ ከንቲባ ደመወዙ ይህን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። ታዲያ ሰዉ ለምን ይራኮታል? መልሱ አንድ ቃል ነው፤ መሬት።

ነቀምቴ መስቀለኛ መንገድ ናት። በባኮና በአምቦ ወደ አዲስ አበባ፣ በጊምቢ ወደ አሶሳ፣ በደቡብ ወደ በደሌ፣ በሰሜን ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይኬዳል። ቡናው በእሷ በኩል ያልፋል። በ1999ኙ ቆጠራ 75 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት፤ ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ ወዲህ ተማሪውም ቤት ሠሪውም በዝቷል። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ካሬ ሜትር ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። የሊዝ አዋጁ ቁጥር 721/2004 የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ይሰጣል ይላል። ጨረታውን የሚያወጣው ማን ነው? ምደባውን የሚመድበውስ? የከተማው ወሰን ሲሰፋ የገበሬውን ማሳ ለክቶ ካሣ የሚተምነውስ? ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ አለቃ ደግሞ ከንቲባው ነው።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የተባለው ለዚህ ነው። መቼ እንደሚሻር የማያውቅ ሹም ቶሎ ይበላል። ነገ በግምገማ እንደሚነሣ የሚያውቅ ሰው የአሥር ዓመት የውሃ መስመር አያስብም፤ የዛሬውን ቦታ ያስባል። ዳቡስ፣ ዲዴሳ፣ አንገርና ፊንጫ የሚፈስሱበት አገር ሆኖ የከተማ ሰው በቧንቧ ፊት ሰልፍ ሲቆም፣ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው አይደለም?

መሬት ቀልድ እንዳልሆነ ደግሞ አይተናል። በሚያዝያ 2006 የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ሲነሣ አምቦ ተነሣች፤ የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ተነሡ። ብዙ ልጅ ሞተ። በጥር 2008 ፕላኑ ቀረ ተባለ። ገበሬው ሳይጠየቅ ማሳው ላይ መሥመር ሲሠመር ምን እንደሚመጣ ከዚያ ያልተማረ ሹም ከምን ይማራል?

ቢመረጥስ?

"እሺ፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይምረጥ እንበል፤ ያኔ አለቀ?" ትሉኛላችሁ። አላለቀም።

በ1997 ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 ወንበር 137ቱን አሸነፈ። ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ከንቲባ እንዲሆኑ ተመረጡ። ከንቲባው ግን ወደ ማዘጋጃ ቤት ሳይሆን ወደ ቃሊቲ ሄዱ፤ ከተማይቱም ለባለአደራ ተሰጠች። በ2010 ደግሞ የከተማው ቻርተር ተሻሻለና የምክር ቤት አባል ያልሆነ ሰው ከተማውን እንዲመራ ተደረገ። ዋና ከተማዋ እንዲህ ከሆነች ለነቀምቴ ማን ይጨነቃል?

ከአገር ወጣ ብለን ካምፓላን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 ነዋሪው ተቃዋሚውን ኤሪያስ ሉክዋጎን በቀጥታ ከንቲባ አድርጎ መረጠ። ግን በአዲሱ ሕግ የሥራውና የገንዘቡ ሥልጣን ፕሬዚዳንቱ ለሚሾሙት ዋና ዳይሬክተር ተሰጥቶ ነበር። ከንቲባው ካባውን ለበሰ፤ ቁልፉ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ መምረጥ ብቻውን አይበቃም። የመረጥነው ሰው ሥራ የሚሠራበት ሥልጣን ይኑረው፤ ካበላሸም እኛው እናውርደው።

ይህ ደግሞ ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 ሕዝቡ የመረጠው ሰው ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሣው እንደሚችል ይናገራል። አንቀጽ 50 ደግሞ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ይላል። ቡቂሱን በአማርኛ ጻፉት ማለት ነው። ከ1987 ጀምሮ ተጽፎ ተቀምጧል። ግን ስንት ከንቲባ በነዋሪ ፊርማ ወረደ?

አምስት ጥያቄዎች

እንግዲህ ነገ ወይ ከነገ ወዲያ "የከንቲባ እጩ" ተብሎ አንድ ሰው ሲቀርብላችሁ፣ ወይም የታጨውን ስትሰሙ፣ እነዚህን ጠይቁልኝ።

አንድ፤ እርስዎን ያጨው ማን ነው? በየትኛው ስብሰባ? ሌሎቹስ ተፎካካሪዎች እነማን ነበሩ?

ሁለት፤ ባለፉት ዓመታት በከተማው ቦታ የተሰጠውን ሰው ስምና ስፋቱን በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፋሉ ወይ?

ሦስት፤ ከሊዝ፣ ከኪራይና ከአገልግሎት የሚገባው ገንዘብ ስንት እንደሆነና የት እንደዋለ በየሦስት ወሩ ለነዋሪው ያነብባሉ ወይ?

አራት፤ ከበላይ የመጣ ትእዛዝ ከነዋሪው ጥቅም ጋር ሲጋጭ የማንን ይሰማሉ?

አምስት፤ ካልሠሩ ማን ያወርድዎታል? ከወረዱ በኋላስ ወዴት ይሄዳሉ? እኛው መካከል ይኖራሉ ወይስ ሌላ ከተማ ይሾማሉ?

ለአምስተኛው መልስ የሌለው እጩ የቀረውን አራቱን አሳምሮ ቢመልስ እንኳ አትመኑት።

"ሰላም እስኪመጣ"

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ እሱን ዘልዬ ብሄድ ውሸታም እሆናለሁ። "በወለጋ ጦርነት ባለበት ስለ ከንቲባ ምርጫ ማውራት ቅንጦት ነው" የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ ካለፉት ዓመታት ወዲህ ወለጋ ደም ፈስሶባታል። በመንግሥት ኃይልም በታጣቂም እጅ ሰው አልቋል፤ ሰላማዊ ገበሬ ከነቤተሰቡ ተጨፍጭፏል፤ የአካባቢ ሹሞችም ተገድለዋል። መንገድ ሲዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከርሟል። በዚህ መካከል እጩ ሆኖ ስሙን የሚያስመዘግብ ሰው ከሁለት ወገን ጥይት ይፈራል።

እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ አየዋለሁ። ሕዝብ ያልመረጠው ሹም በሕዝቡ ዘንድ የማንም ሰው አይደለም። ሲመጣም ሲሄድም የሚጠይቅለት የለም። ወጣቱም "በወረቀት አይወርድም" ብሎ ተስፋ ሲቆርጥ ጫካውን ያያል። ሹም በሰላም የሚወርድበት በር ከተዘጋ ሌላ በር ይፈለጋል። ሰላም እስኪመጣ ምርጫው ይቆይ የሚለው ሰው፣ ምርጫ አለመኖሩ ራሱ ሰላሙን እንዳራቀው ይርሳ?

እስቲ ወደ እድራችሁ ተመለሱ። በጦርነቱም፣ በረኃቡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ጊዜ እድር አልፈረሰም። ለምን? የእድሩ ዳኛ በአባላቱ ይመረጣል፤ ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ይዞ ይቀርባል፤ አንድ ብር ቢጎድል እሑድ ጠዋት በሰው ፊት ይጠየቃል። ካጠፋ "በቃህ፣ መዝገቡን አስረክብ" ይባላል። የሚያወርዱት ጎረቤቶቹ ናቸው። እሱም ያውቃል። ለዚህ ነው ድንኳኑ የማይጠፋው፣ ድስቱ የማይጎድለው።

ያልተማረ የሚባለው ሕዝባችን ድንኳንና ድስቱን እንዲህ አድርጎ ይጠብቃል። ከተማውን ግን "ትእዛዝ ነው" ተብሎ ለማያውቀው ሰው ያስረክባል። ይህ እንዲቀየር መንግሥት እስኪፈቅድ አትጠብቁ። ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ደምቢዶሎ ያሉትን ዘመዶቻችሁን ዛሬውኑ ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ። "ከንቲባችሁ ማን ነው? ማንስ ያወርደዋል?" መልሱን የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ለኔም ንገሩኝ።